በክንዳችን ላይ የተሰፋው በሬ

እኛ ጎረምሳ በነበርንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወታደር የሚለየው በጠመንጃው አልነበረም። ጠመንጃውማ ሁሉም አንድ ነው፣ ጫማውም አንድ፣ ርሃቡም አንድ። የሚለየው ክንዱ ላይ በተሰፋው ዓርማ ነበር። ከሩቅ አይተህ ይሄ የእገሌ ጦር ነው፣ ያኛው የእገሌ ነው ትላለህ። እና ይቺ ትርንጎ ወረታ ላይ በጥልፍ መኪናዋ የዘበኛውንም የተማሪውንም ምልክት ስትሰፋ ትውልና መጥታ «አያ ጌጡ፣ አንቱ ወታደር ሳሉ ዓርማችሁ በሬ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው? ለጦር በሬ የሚሰጥ ማን ነው?» አለችኝ። እውነት ነው ልጄዋ። የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ያን የምትቀጂበትን ስልክሽን ወደዚህ አቅርቢው፤ ኋላ አልተሰማኝም እንዳትይ።

እንግዲህ እኔ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነኝ። አባቴ ገበሬ ነው፤ እኔን ግን ይማር ብሎ ጣራ ገዳም አጠገብ ወደ ተቀመጡ አንድ የኔታ ሰደደኝ። ዜማው አልሆነልኝም፤ ድምፄን እንደምትሰሙት ነው፣ ያኔም እንዲሁ ነበር። ሥዕሉ ግን ገባልኝ። የኔታ ሠዓሊም ነበሩና ቀለም እየበጠበጥኩ፣ ብሩሻቸውን እያጠብኩ፣ ኋላም የመላእክቱን ክንፍ እንድሞላ እየፈቀዱልኝ አራት ዓመት ተቀመጥኩ።

ታዲያ የኔታ አንድ የጸና ሕግ ነበራቸው። የድሮ ሠዓሊ ሁሉ ሕግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግድግዳውን ልብ ብላችሁ እዩ። ጻድቁ፣ ቅዱሱ፣ ደግ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እናንተ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ሰይጣን፣ ከሓዲ፣ ወንበዴ ግን ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚሣል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የኔታ «ጌጡ፣ ደግ ነገር ስትሥል ዓይኑን አትንፈገው» ይሉኝ ነበር። ይቺ ነገር በውስጤ ተተክላ ቀረች።

ከዚያ በወታደሩ መንግሥት ጊዜ ተመለመልኩና ጦር ገባሁ። የደረሰኝ መሐንዲስ ሻለቃ ነው። መሐንዲስ ሻለቃ ማለት መንገድ የሚጠርግ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ ሌላውን ጦር ወንዝ የሚያሻግር ማለት ነው፤ ከጠመንጃው ይልቅ አካፋው ይከብደናል። አዛዣችን ኮሎኔል ተሰማ የሚባሉ፣ ቁመታቸው ዘንግ የሚያህል፣ ሲናገሩ ድንኳኑ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። እና አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ እያንዳንዱ ሻለቃ የራሱን ዓርማ አበጅቶ በግራ ክንዱ ላይ ይስፋ ተባለ። ኮሎኔሉ አሰለፉንና፦

«ከመካከላችሁ መሣል የሚችል አለ?» አሉ።

እኔ ዝም። ከጎኔ የቆመው ሃምሳ አለቃ ቶሎሳ ነው፤ የወለጋ ሰው፣ የሻለቃው ልብስ ሰፊ፣ የልቤ ወዳጅ። በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጎሸም። በሦስተኛው «እህ!» ብዬ ከሰልፉ ብቅ አልኩ፤ ኮሎኔሉም አዩኝ።

«ምን ምን ሥለህ ታውቃለህ?»

«መላእክት፣ ጓድ ኮሎኔል።»

እናንተየ፣ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ! ኮሎኔሉም ከንፈራቸውን ነክሰው፦

«መላእክቱን ለጊዜው ተዋቸው። አንበሳ ሣልልኝ። ወደ ጎን ዞሮ የሚራመድ፣ አፉን የከፈተ፣ ጥፍሩን ያወጣ አንበሳ። ጠላት ሲያየው ጉልበቱ የሚከዳው!» አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ከማለት በቀር ምን አለ? ገባሁ ድንኳኔ። አንበሳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ግን በሥዕል አይቻለሁ፤ ከሰል አነሣሁና ጀመርኩ። ወደ ጎን አዞርኩት፣ ጎፈሩን አበዛሁለት፣ አፉን ከፈትኩት፤ ዓይኑ ጋ ስደርስ አንድ ብቻ ሆነ። እጄ ቆመ። እመኑኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። «አንተ ጌጡ፣ ለሦስት መቶ ሰው ክንድ ላይ ሰይጣን ልትሰፋ ነው ወይ?» አልኩ ለራሴ። እና ወረቀቱን ቀደድኩና ሌላ አንሥቼ አንበሳውን ፊት ለፊት አደረግኩት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ የኔታ የሚሥሉት ዓይን፣ እንዲህ ገርበብ ያለ፣ ለምሕረት የተዘጋጀ።

ኮሎኔሉ ተቀበሉኝና አዩት። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንበሳ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ይሄ አንበሳ ሱባዔ ገብቷል እንዴ? ሊበላኝ ነው ወይስ ሊባርከኝ?»

ጎፈሩን በጣቴ አሳየኋቸው።

«ወደ ጎን ነው ያልኩህ!»

«ወደ ጎን ከሆነ አንድ ዓይን ይሆናል፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«እና ቢሆንስ?»

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው።»

ይሄን ባልኩ ጊዜ ጸሐፊያቸው ብዕሩን ጣለ። አሁን እናንተ ትስቃላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ትእዛዝ እንቢ ማለት የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ኮሎኔሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሱ ነው የሚያስፈራው፣ ዝቅ ሲል። «እስከ ቅዳሜ ሌላ ይዘህ ና። ሻለቃዬን የማላሳፍርበት ዓርማ ካላመጣህ፣ አንተ እስር ቤት ተቀምጠህ መላእክትህን ትሥላለህ» አሉኝ።

ቶሎሳ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አንተ ጌጡ፣ ምን ሆነሃል? ወደ ጎን አዙረውና ገላግለን! የኔታህ ያሉት ጣራ ገዳም፣ አንተ ያለኸው እዚህ፤ በምን ያዩሃል?» አለኝ።

«የሚያዩኝ ይመስለኛል» አልኩት።

«እንግዲያስ መርፌዬን ልሸጠውና ስንቅ ልግዛልህ፤ እስር ቤት ስንቅ የለም» አለና ተቆጥቶ ሄደ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። አንበሳ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? አልኩ። እኛ የምንገድል ጦር አይደለን፤ የምናሻግር ነን። የሚያሻግር እንስሳ ምን አለ? ታዲያ እናንተ የፎገራን ሜዳ ታውቁታላችሁ። አሁን ሩዝ ሆነ፣ መንገድ ወጣለት እንጂ እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምት ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ አገሩ ባሕር ነበር። ድልድይ የት አለ? በሬ ነው የሚያሻግረን። በሬውን ከፊት ታስገቡታላችሁ፣ ጭራውን ትይዛላችሁ፣ እሱ እየዋኘ፣ አንዳንዴም መሬቱን በእግሩ እየፈለገ ያወጣችኋል። እናቴ እኔን አዝላ የቡሬን ጭራ ይዛ ተሻግራለች። ቡሬ ጥቁርና ነጭ የነበረ የአባቴ በሬ ነው። እና ይሄ ትዝ ሲለኝ ከሰሉን አነሣሁ።

በሬውን ፊት ለፊት ሣልኩት። ሁለት ዓይን፣ የረጋ። ግንባሩ ጥቁርና ነጭ፣ ልክ እንደ አገራችን ከብት። ሁለቱ ቀንዶቹ ወደ ላይ ወጡና ጫፍና ጫፋቸው ላይ አንድ አግዳሚ ተሸከሙ፤ ድልድይ ሆነ። ከአገጩ ሥር ሦስት የውኃ መስመር፣ ሰማያዊ። በቃ፣ ሌላ የለውም።

ቅዳሜ ገባሁ። ኮሎኔሉ አዩት።

«በሬ?»

«በሬ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«ሌላው ሻለቃ አንበሳ ነው፣ ነብር ነው፣ መብረቅ ነው። እኛ በሬ ልንባል ነው?»

ከዚያ የቡሬን ነገር፣ የጎርፉን፣ የጭራውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «አንበሳ ወንዝ ያሻግራል ወይ፣ ጓድ ኮሎኔል?» አልኳቸው።

ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ኋላ፣ «አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ለማረስ ሲል ሌላውን ከጎረቤት እየተዋሰ ይጠምድ ነበር። ያ በሬ የሞተ ዕለት አባቴን ሲያለቅስ አየሁት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያለቅስ አላየሁትም» አሉ። እና ብዕር አንሥተው ከሥዕሉ ሥር ፈረሙ። «ይሰፋ!»

ቶሎሳ ሰፋው፤ ሦስት መቶ በሬ! ጣቱ እስኪያብጥ ሰፋው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወታደሩ አልወደደውም። አንበሳ የለበሰው ሻለቃ በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር «እምቧ!» ይለናል። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ «እምቧ!» ምግብ ልንቀበል ስንሰለፍ «እናንተ ገለባ ነው የሚሰጣችሁ፣ እዚያ ሂዱ!» የኛዎቹ ደግሞ የሚዞሩት በኔ ላይ ነው። ነጋሽ የሚባል የኛው ወታደር ነበር፤ ጠንካራ፣ ለነገር ፈጣን። አንድ ቀን ዓርማውን ከክንዱ ገነጠለና ፊቴ ላይ ወረወረው። «በሬህን ውሰድና እረስበት!» አለኝ። አነሣሁት። ልቤ ግን ተሰበረ። አንበሳውን ወደ ጎን ሥዬ በተገላገልኩ አልኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያ አልኩ።

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ ወደ ወሎ ቆላ ሄዳችሁ አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ሥሩ ተባልን። ሄድን። ስንደርስ መንደሩ ባዶ ነው። ሰውም የለ፣ ከብትም የለ፤ ጭሱ ገና ከየቤቱ እየወጣ ሰው የለም። ምክንያቱም ከኛ በፊት ያለፈ አንድ ጦር በሬዎቻቸውን አርዶ በልቶባቸዋል። እና ወታደር መጣ ሲባል ከብታቸውን እየነዱ ተራራ ወጥተዋል። እኛ ደግሞ ያለ አገሬው ሰው ምንም አንሠራም፤ ወንዙ ድፍርስ ነው፣ ድንጋዩ የት እንዳለ፣ አሸዋው የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ምሰሶ ተከልን፤ ሁለቱንም ወንዙ ይዞት ሄደ። አንድ ልጃችንን ይዞት ሊሄድ ሲል በገመድ ጎትተን አወጣነው።

በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብቻቸውን መጡ። አባ ይማም ይባላሉ። ማንንም አልፈሩም። በቀጥታ ወደኔ መጡና ክንዴን ያዙ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«በሬ ነው፣ አባቴ።»

«ልትበሉት ነው የሰፋችሁት?»

«አይደለም። ዓርማችን ነው። ሰው የምናሻግር ነንና ነው።»

እንግዲህ ያንን ለኮሎኔሉ የነገርኩትን ሁሉ ለሳቸውም ነገርኳቸው። ጭራውን ሳወራ ሳቁ። «እኛም በጭራ ነው የምንሻገር፤ ባለፈው ክረምት ግን ጭራውም ከነባለቤቱ ተበላ» አሉ። ዓርማውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ክሩን፣ ቀንዱን፣ ዓይኑን። «ፊቱ ደግ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ተራራው ዞረው በረዥሙ ተጣሩ። እናንተ ሆይ፣ ከየጥሻው ሰው ይወጣ ጀመር! በማግሥቱ ጎበዞቹ ወንዝ ገብተው ድንጋዩን በእግራቸው እየፈለጉ አሳዩን፤ እንጨቱንም አብረውን ቆረጡ። ምሰሶው ቆመ።

ደግ ነው፤ ሥራው ተያዘ። ግን ዝናቡ መንገዱን ቆረጠና ስንቅ የሚያመጣው መኪና ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ብስኩቱ አለቀ። ድልድይ በባዶ ሆድ ሲሠራ አይታችሁ አታውቁም፤ መዶሻው ሲነሣ ሰውየው ይወድቃል። በስድስተኛው ቀን ነጋሽና ሁለት ጓደኞቹ ጠፍተው ቆዩና አንድ በሬ እየነዱ መጡ። ከድንኳኑ ጀርባ አሰሩት። ቢላዋ ይሳል ጀመር። ሁሉም አየ፤ ማንም ምንም አላለም። እኔስ? ቆዩ፣ ልቀጥል።

ብዙም ሳይቆይ አባ ይማም መጡ። ይጮሃሉ ስንል አልጮኹም። ይራገማሉ ስንል አልተራገሙም። ወደ ኮሎኔሉ ሄዱና፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እንዲህ አሉ፦

«ጌታው፣ ስለ በሬው አልመጣሁም። ርቧችኋል፣ አያለሁ፤ ብሉት። የመጣሁት ከክንዳችሁ ላይ ያለውን ፍቱልን ልል ነው። ሰዉን ከተራራ የጠራሁት እሱን አይቼ ነውና ኋላ ዋሸኸን እንዳይሉኝ።»

ኮሎኔሉ ስለ በሬው አያውቁም ነበር። ፊታቸው እንዴት እንደ ሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሰልፍ ጠሩ። ተሰለፍን። በሬው እዚያ ታስሮ ያየናል፤ እኛ እሱን እናያለን።

«ትእዛዝ አልሰጥም» አሉ። ያ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ርቧችኋል፤ እኔንም ርቦኛል። ይሄን በሬ አርደን መብላት እንችላለን፤ የሚከለክለን ጠመንጃ በዚህ አገር የለም። ከበላነው ግን ቶሎሳ መቀሱን ያመጣል፣ የሁላችሁንም ዓርማ ይፈታል፣ ከኔ ክንድ ይጀምራል። ነገ ደግሞ አንበሳ እናሰፋለን። ምረጡ።»

ነጋሽ ክንዱ ባዶ ነው፤ ከገነጠለው ወዲህ አላሰፋውም። እሱ ምን ያጣል? ብዬ አየሁት። ከንፈሩ በርሃብ ተሰነጣጥቋል። ከሰልፉ ወጣ። ወደ በሬው ሄደ። ቢላዋውን አነሣ፤ አሁን አበቃ አልን፤ ገመዱን ቆረጠው። በሬውን እየጎተተ አመጣና ገመዱን በአባ ይማም እጅ አኖረው። «የነዳሁት እኔ ነኝ። እነሱ አይደሉም» አለ። ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረ፣ «መርፌህን ይዘሃል?» አለው። ቶሎሳ እዚያው፣ ሰልፉ ላይ፣ እንባው እየወረደ ሰፋለት። የራሱን ዓርማ ፈትቶ ነው የሰፋለት፤ ትርፍ አልነበረውም።

አባ ይማም በሬውን ይዘው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሴቶች የማሽላ ቂጣና አሬራ ተሸክመው መጡ። ከበሬው ሥጋ የሚስተካከል አልነበረም፤ ለሦስት መቶ ሰው ቁራሽ ቁራሽ ነው። ግን ቂጣ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ነጋሽ ከኔ ጎን ተቀምጦ በላ። አልታረቅንም፤ ታረቁ ያለንም የለም፤ ግማሽ ቁራሹን ግን ሰጠኝ።

ድልድዩ በሳምንቱ አለቀ። ጦሩ ሊያልፍ ሲል ኮሎኔሉ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሙት። «መጀመሪያ ባለቤቱ ይለፍ» አሉ። አባ ይማም ያን በሬ ከፊት አስቀድመው፣ ከኋላቸው የመንደሩ ከብት ሁሉ፣ ሰኮናው እንጨቱ ላይ ኳ ኳ እያለ ተሻገሩ። ከወዲህ በኩል አንበሳ የለበሰው ሻለቃ ተራውን እየጠበቀ ቆሞ ነበር። ከውስጡ አንዱ «እምቧ!» አለ። እና ታውቃላችሁ፣ የኛ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ «እምቧ!» ብሎ መለሰለት! ተራራው አስተጋባ። ኮሎኔሉም፣ በስመ አብ፣ ኮሎኔሉም አብረው አሉ።

ይኸው ነው። ኋላ ጦሩ ተበተነ፤ እኔም ወደ ቁሐር ተመለስኩ፤ ሩዙም መጣ፤ ልጆችም ወለድኩ። ቶሎሳ ነቀምት ልብስ ቤት ከፍቶ ነበር፤ እስኪያርፍ ድረስ ይደውልልኝ ነበር። ነጋሽን አላገኘሁትም። ያለ ይመስለኛል። እኔ እንግዲህ ብዙ ነገር ሥያለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ ሥያለሁ። እሱን ሰው ይሳለመዋል። ሰውን በቃሉ ያሰረ ሥዕል ግን ያ በሬ ብቻ ነው። ጠላት አየው አላየው አላውቅም። እኛን ግን ሲያየን ዋለ።

ምንድን ነው ትርንጎ? ምን ያስቅሻል?

«አያ ጌጡ፣ አንድ ነገር ዘለሉ። በሬው ታስሮ ቢላዋ ሲሳል፣ እኔስ? ቆዩ ብለው አለፉ። አንቱ የት ነበሩ?»

አይ ይቺ ልጅ! ስልኩን አጥፊው። አታጠፊውም? እሺ፣ ይሰማ። እኔማ ማገዶ እየለቀምኩ ነበር። ምን ታደርጊኛለሽ፣ ርቦኝ ነበራ! የማን ሥጋ ሊበስልበት ነው እንዳትይኝ። ሰልፍ ሲጠራ የምጥልበት አጥቼ ጭራሮውን እንደ ታቀፍኩ ሮጬ ቆምኩ። አባ ይማም በሬውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ኮሎኔሉ በፊቴ ሲያልፉ ቆሙ። ክንዴ ላይ ያለውን በሬ አዩ፣ እቅፌ ያለውን እንጨት አዩ።

«ጌጡ፣ ይሄ እንጨት ለድልድዩ ነው?» አሉኝ።

«አዎን፣ ጓድ ኮሎኔል፤ ለድልድዩ ነው» አልኳቸው።

«በል ወስደህ አስገባው።»

እና ወሰድኩት! በምሰሶው መካከል ጠቀጠቅኩት! የጭራሮ ድልድይ! ሃ ሃ ሃ! ቶሎሳ እስኪሞት ድረስ በደወለ ቁጥር «ጌጡ፣ ድልድይህ አልፈረሰም?» ነበር የሚለኝ።